ቸርችል ዳገት ላይ የምትፈላ ኮሮላ፦ የሞተር ጎማ ቱቦዎች ለውጥ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1,587 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በኢንጀክሽን የሚሠራው 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ስትገባ ቅሬታው አጭር ነበር፦ ከለገሃር ተነስታ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጣ፣ መንገዱ በተጨናነቀ ቁጥር የሙቀት መቁጠሪያው ሽቅብ ይወጣል፤ ማዘጋጃ ቤት ሳትደርስ ትፈላለች። ቁልቁል ስትወርድ ግን ምንም የላትም።

የኋላ ታሪኳ ከቅሬታው የበለጠ ይናገራል። ከሁለት ወር በፊት የላይኛው ማኒኮቶ፣ ማለትም ከሞተር ወደ ራዲያተር የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ፈንድቶ መንገድ ዳር ተቀይሯል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሂተሩ (የካቢን ማሞቂያው) ቱቦ ማፍሰስ ጀመረ፤ እሱም በካላማዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ግማሽ ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ ይጨመርላታል። በመሃል ደግሞ «ሞቀች» ተብሎ ቴርሞስታቷ፣ ማለትም በሙቀት የሚከፈተው የውሃ መንገድ መቆጣጠሪያ፣ ወጥቶ ተጥሏል።

ቱቦዎቹ በተራ መፈንዳታቸው አጋጣሚ አይደለም። ሁሉም እኩል ዕድሜ ያላቸው፣ በአንድ ውሃና በአንድ ሙቀት የኖሩ ጎማዎች ናቸው። አንዱ ሲተካ ግፊቱ ይመለሳል፤ የተመለሰውን ግፊት ደግሞ ቀጣዩ ደካማ ቱቦ አይችለውም። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ የፈነዳውን ብቻ መቀየር ባለቤቱን ለሁለተኛ ጉተታ ማዘጋጀት ነው።

ግፊቱ እዚህ ከተማ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አሁን የሞተሩን ቁጥሮች ከዚህ ጎን እናስቀምጥ። ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ላይ ነው። የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ግፊት መያዝ በማይችል ሲስተም ውስጥ የተሞላ ተራ ውሃ፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ መፍላት ይጀምራል።

0.9 የሚል ጽሑፍ ያለበት የራዲያተር ክዳን ከውጭው አየር በላይ 88 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ይይዛል። ያን ጊዜ የውሃው መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ዳገት ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነፋስ በሌለበት ሰልፍ ሞተሩን የሚያድነው ይህ የ22 ዲግሪ ትርፍ ነው። ትርፉን የሚሸከሙት ደግሞ ክዳኑና ጎማዎቹ ናቸው። አንድ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጠርዝ ላይ ያለች እርጥበት እንኳ ይህን ሁሉ ታሳጣለች፤ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ምናልባት ለወራት ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል ማንጠባጠብ እዚህ ቸርችል ላይ ያስቆማል።

ምርመራው

ቱቦ ከመግዛት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ደህና ነው ወይ የሚለው ነው። ጋስኬቱ ካለፈ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፣ አዲስ ቱቦም ያፈነዳል፤ ለጎማ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ራዲያተር አፍ ላይ በሚቀመጠው ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ ተፈተሸ፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ አልተለወጠም። መሞከሪያው የሌለው ሰው ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጁ ይያዝ። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጋዝ እየገባ ነው።

ቀጥሎ የግፊት ሙከራ መጣ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲስተሙ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ በእጅ ፓምፕ 118 ኪሎ ፓስካል ተሰጠው፤ ለዚህ ሞተር የሚታዘዘው መጠን ይኸው ነው። መርፌው መቆም ነበረበት፤ ግን ዓይን እያየው ወረደ። በባትሪ መብራት ሲፈለግ ውሃ የተገኘው በሦስት ቦታ ነበር፦ የሂተሩ ቱቦ የካቢኑን ላሜራ በሚያልፍበት ጫፍ፣ የታችኛው ማኒኮቶ ፋሸታ ሥር፣ እንዲሁም ወደ ትሮትል ቦዲ (የአየር መግቢያ በር) የሚሄደው የ8 ሚሊ ሜትር ቀጭን ቱቦ ላይ። ይህ ሦስተኛው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮች ከሚያከፋፍለው ቧንቧ) ሥር ስለተደበቀ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያየውም፤ ውሃው ትኩስ ብሎክ ላይ ወድቆ ስለሚተን መሬት ላይ ምልክት አይተውም። «ውሃ ትጠጣለች ግን አታፈስም» የሚባልላቸው ብዙ ኮሮላዎች ችግራቸው እዚህ ነው። ክዳኑም ለብቻው ተሞከረ፤ ለዚህ መኪና ከ74 እስከ 103 ኪሎ ፓስካል ላይ መከፈት ሲገባው 45 ላይ ለቀቀ። ከ59 በታች የሚከፈት ክዳን መጣል አለበት።

ቱቦዎቹን በእጅ መፈተሽ ከመሣሪያ ያላነሰ ይናገራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ መሃሉን ጨምቁ፣ ቀጥሎ ከፋሸታው አጠገብ ያለውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምቁ፣ ሁለቱን አወዳድሩ። ጫፉ ከመሃሉ ይልቅ የላላ ከሆነ፣ ወይም ጣት ሥር እንደ ቦይ የገባ መስመር ከተሰማ፣ ቱቦው ከውስጥ ተበልቷል፤ ከውጭ ጥቁርና ለስላሳ መሆኑ አያታልላችሁ። ምክንያቱ ኤሌክትሪካዊ ነው። ኩላንቱ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ)፣ የሞተሩ ብረትና ጎማው ተገናኝተው ደካማ የባትሪ ሴል ይፈጥራሉ፤ ጎማው ከውስጥ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ በሁለቱ የጎማ ንብርብሮች መካከል ያለውን የክር መረብ ያበሰብሰዋል። ክሩ ሲለቅ ቱቦው ያብጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ባለው ጨውና ማዕድን የተነሳ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ይህን ያፋጥናል። የዚህች መኪና የታችኛው ማኒኮቶ በምላጭ ሲሰነጠቅ፣ ከሁለቱም ጫፎች ተነስተው ወደ መሃል የሚሮጡ ስንጥቆች ታይተውበታል።

መጠኑን በቮልት መለኪያ ማወቅ ይቻላል። ጥቁሩን ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ራዲያተሩ ውስጥ ብረት ሳይነካ ውሃው ላይ ብቻ ማጥለቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኩላንቱ የመከላከል አቅሙን ጨርሷል። እዚህ 0.46 ነበር። መብራትና ማራገቢያ ሲበራ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው የአርድ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ሳይጠገን አዲስ ቱቦ ማስገባት ዕድሜውን ማሳጠር ነው። በዚህች መኪና ቁጥሩ አልዘለለም።

የሂተሩ ቱቦ ሞት ግን ሌላ ነበር። አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሲነኩት ይጣበቃል። ይህ የዘይት ሥራ ነው። ማኒኮቶና የሂተር ቱቦ የሚሠሩበት ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ሙቀትና ኩላንት ይችላል፤ የሞተር ዘይት ግን አይችልም። በዚህ ሞተር ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) በካምቢዮ በኩል ባለው የቴስታታ ጫፍ ላይ ነው፤ ኦሪንጉ (ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ሲደርቅ ዘይቱ ሥሩ ባሉት የውሃ ቱቦዎች ላይ ይንጠባጠባል። በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛው ኦሪንግ ካልተቀየረ አዲሱም ቱቦ መንገዱ ያው ነው።

ስለ ቴርሞስታቱ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በከተማችን እጅግ የተለመደ ጥፋት ነውና። በዚህ ሞተር ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ የጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ሜዳ ላይ መኪናዋ ከሚገባው በላይ ትቀዘቅዛለች፣ ዳገት ላይ ደግሞ ትፈላለች። የባለቤቷ ቅሬታ በትክክል ይህ ነበር።

ግዢው

የተገዙት እነዚህ ናቸው፦ የላይኛውና የታችኛው ማኒኮቶ በቅርጻቸው የተሠሩ፤ የ16 ሚሊ ሜትር የሂተር ቱቦ 2 ሜትር፤ ለኩላንት የተሠራ የ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ 1 ሜትር፤ የ4 ሚሊ ሜትር የቫኪዩም ቱቦ 3 ሜትር፤ ዘይት የሚችል የሞተር ትንፋሽ ቱቦ፤ የቤንዚን መመለሻ ቱቦ ግማሽ ሜትር፤ ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ከነጎማ ቀለበቱ፤ 0.9 ክዳን፤ የዲስትሪቢዩተር ኦሪንግ፤ ፋሸታዎች፤ 3 ሊትር ያልተቀጠነ ኩላንትና 4 ሊትር ዲስትል ውሃ። የላይኛው ማኒኮቶ የሁለት ወር ዕድሜ ቢኖረውም ተቀየረ፤ መንገድ ዳር የገባው ቀጥ ያለ ቱቦ ተጎንብሶ ስለነበር መታጠፊያው ላይ ተጣጥፎ ግማሽ መንገዱን ዘግቶታል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲኬድ አሮጌውን ቱቦ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ በመኪናው ስም ብቻ የሚሰጠው ዕቃ መታጠፊያው ሊለይ ይችላል። ቱቦ ሲመረጥ የተቆረጠውን አፍ ማየት ነው። በሁለት ጎማ መካከል የክር መረብ ካልታየ ግፊት አይሸከምም። አጥፎ መታጠፊያው ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ መፈለግም ግድ ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ሳይሠራ ያረጃል። ከተፈታታ ሞተር የወጣ ያገለገለ ማኒኮቶ በምንም ዋጋ አይገዛ።

የቤንዚን ቱቦን በውሃ ቱቦ፣ የውሃውን በቤንዚን ቱቦ መተካት አይቻልም። የዚህ ሞተር የቤንዚን ግፊት ከ265 እስከ 304 ኪሎ ፓስካል ነው። ለኢንጀክሽን የሚሆነው ላዩ ላይ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ ያለው ነው፤ አር7 የሚለው ለካርቡሬተር መኪና የተሠራ ነው። ከማጣሪያ ወደ ኢንጀክተሮች የሚሄደው ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀ የግፊት ቱቦ ሲያረጅ ሙሉው ይቀየራል እንጂ ተቆርጦ በፋሸታ አይቀጠልም። እዚህ እሱ ደህና ስለነበር አልተነካም፤ የተቀየረው መመለሻው ብቻ ነው።

ሥራው

ሞተሩ ለእጅ እስኪመች ቀዝቅዞ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቀለ። ውሃው ከራዲያተሩ ግርጌና ከብሎኩ ማፍሰሻ ወደ ሰፊ ዕቃ ወረደ። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ቦይ ውስጥ የተደፋውን የሰፈር ውሻ ይልሰውና ይሞታል፤ በተከደነ ጄሪካን መያዝ አለበት። የወረደው ውሃ ቡናማ ነበር። ሲስተሙ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ታጠበ፣ የመጨረሻው እጥበት በዲስትል ውሃ ሆነ። አሲድ አልገባበትም፤ የሳሳ አልሙኒየም ይበሳል።

አሮጌ ቱቦ የሚነቀልበት መንገድ የሥራው አደገኛ ክፍል ነው። የደረቀ ጎማ ከአንገቱ ጋር ይጣበቃል፤ በትልቅ ፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ የራዲያተሩን ፕላስቲክ አንገት ይሰብራል። ከዚያ የባሰው የሂተሩ ቧንቧ ነው፤ ላሜራውን አልፎ የሚወጣው ስስ ቧንቧ ትንሽ ከተጠመዘዘ ውስጥ ያለው የሂተር ራዲያተር ይቀደዳል፣ ዳሽቦርድ ማውረድ ይከተላል። ስለዚህ ቱቦው ለመጣል ከሆነ አይጎተት፤ በምላጭ በርዝመቱ ይሰንጠቅና እንደ ልጣጭ ይላጥ። ምላጩ አንገቱን እንዳይጭር ጥልቀቱን መቆጣጠር ያስፈልጋል፤ በአንገቱ ርዝመት የሚሄድ ጭረት ለውሃ መውጫ ይሆናል።

አንገቶቹ በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያቸውን ተጠርገው ነጭ ዝቃጩ ወጣ። በውሃ መግቢያው አንገት ላይ ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ ጥልቀት ስላልነበራቸው አለፈ፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ራሱ ይቀየር ነበር። ቴርሞስታቱ ሲገባ ትንሿ የአየር ማስተንፈሻ ወደ ላይ መዞር አለባት፤ ወደ ታች ከዞረች አየር ተይዞ ይቀራል።

አዲሱን ቱቦ ለማንሸራተት ኩላንት ራሱ ይበቃል። ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት የቀባ ሰው የሂተሩን ቱቦ የገደለውን ነገር በእጁ አስገባ ማለት ነው። ቱቦው ከአንገቱ እብጠት አልፎ መግባት፣ ፋሸታው ደግሞ ከእብጠቱ ወዲያ፣ ከቱቦው ጫፍ 3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት። እብጠቱ ላይ የታሰረ ፋሸታ ሞተሩ ሲሞቅ ተንሸራቶ ይወጣል። የፋብሪካው የስፕሪንግ ፋሸታ ካልላላ እሱን መመለስ ይመረጣል፤ ጎማው በጊዜ ተጨምቆ ሲሳሳ ስፕሪንጉ ይከተለዋል። በካቻቪቴ የሚጠብቀው ዓይነት ከሆነ የውስጡ ሪባን ለስላሳ ይሁን፤ የተበሳው ጎማውን ቀስ በቀስ ይከትፈዋል። ጎማው በፋሸታው ጎን ሲያብጥ ከታየ ከልክ በላይ ጠብቋል።

የ8 ሚሊ ሜትሮቹን ለመድረስ ትሮትል ቦዲው ተፈታ። ጊዜ ይፈጃል፤ ሳይፈቱ በጭፍን በጣት ለመሥራት መሞከር ግን ፋሸታውን በግማሽ አስሮ መተው ነው።

የቫኪዩምና የትንፋሽ ቱቦዎች

እነዚህ አንድ በአንድ ተነቅለው አንድ በአንድ ተተኩ። ሁሉንም ነቅሎ በኋላ ማስታወስ የሚሞክር ሰው ሌላ ቀን ሙሉ ያጠፋል። ወደ ማኒፎልድ ግፊት ሴንሰሩ የሚሄደው ጫፉ ተሰንጥቆ ነበር፤ በስንጥቁ አየር ሲገባ ሴንሰሩ ሞተሩ ከተጫነው በላይ ጭነት ያለበት ይመስለውና ቤንዚን ይጨመራል። የፍሬን ሰርቮው (የፍሬን ኃይል ረዳቱ) ቱቦ ውስጥ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ስላለ ቀስቱን አይቶ መመለስ ግድ ነው።

የቫኪዩም ጌጅ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ይያዙ። መጽሐፍ ላይ ለጤነኛ ሞተር የሚጻፈው ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 13 አካባቢ ያነባል። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ሞተር ያስፈቱ አሉ። ይህች መኪና ቱቦዎቹ ከመቀየራቸው በፊት መርፌዋ 9 ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ 12 ላይ ቆመ።

አሞላልና ውጤት

ሲስተሙ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛል። ከእጥበቱ የቀረ ውሃ ብሎክ ውስጥ ስለሚኖር፣ አስቀድሞ የተቀላቀለ ቢሞላ ይቀጥናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ 3 ሊትሩ ንጹሕ ኩላንት ገባ፣ የቀረው በዲስትል ውሃ ተሞላ። አዲስ አበባ ውሃ በረዶ አይሆንም ተብሎ ኩላንት የሚተው ብዙ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ግን የዝገት መከላከያውና ከፍ ያለው መፍያ ነው። የተለያየ ዓይነት ኩላንት መቀላቀል ዝቃጭ ያመጣል።

አየር ለማስወጣት መኪናዋ አፍንጫዋ ወደ ዳገት ዞሮ ቆመች፤ ለዚህ የሚሆን ተዳፋት በሰፈሩ አይጠፋም። የሂተሩ ማንሻ ሙቅ ላይ፣ ክዳኑ ክፍት፣ ቀስ እየተባለ ተሞላ፤ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ተጨመቀ፤ የውሃው ወለል ሲረጋ ተከደነና ሞተሩ 2,000 ዙር ላይ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ሠራ። ፋኑ እንቢ ቢል የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት መንቀል ነው፤ በእነዚህ ቶዮታዎች ቁልፉ በርቶ ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ ይነሳል። ከተነሳ የፋኑ ሞተርና ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ደህና ናቸው፣ ተጠርጣሪው ሴንሰሩ ነው።

የግፊት ሙከራው ተደገመ፤ 118 ኪሎ ፓስካል ለ10 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። የኩላንቱ ቮልት 0.08 ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ፋሸታዎቹ ተፈተሹ፤ የታችኛው ማኒኮቶ ፋሸታ ሩብ ዙር ወሰደ፤ አዲስ ጎማ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ተጨምቆ ስለሚሳሳ ይህ ይጠበቃል። የመጠባበቂያው ውሃ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ነበር፣ የቀረው አየር ወጥቶ ነው፤ ተሞላ፣ ከዚያ በኋላ አልወረደም። በሥራ መውጫ ሰዓት ከለገሃር እስከ ፒያሳ በሰልፍ ስትወጣ መቁጠሪያው ከመሃል በታች ቆሞ ነበር።

ለባለቤቷ የተሰጠው ማሳሰቢያ፦ ኩላንቱ በ2 ዓመት ወይም በ40,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር። እስከዚያው ውሃ ከጎደለ ከቧንቧ አይሞላ፤ ዲስትል ውሃ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ። በየዘይት ለውጡ የቱቦዎቹ ጫፍ ይጨመቅ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ሥር ጣት ገብቶ ዘይት ይፈለግ።